እንጀራ በውሃ የሚያወርድ ሰው በመንደራችሁ አለ?

ዋግ ስንዴን የሚያጠፋው ማሳው በሙሉ ቢጫ ሆኖ ከመንገድ ላይ በታየበት ዕለት አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ፥ በጥቂት ቅጠሎች ላይ፥ በጣት ሲነኩት ዱቄት የመሰለ ነገር ሲገኝ ሥራውን ጀምሯል። በመካነ ሰላም ዙሪያ፥ በማሻ፥ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ የሚያርስ ገበሬ ይህን ለማወቅ የግብርና ሠራተኛ ትምህርት አያስፈልገውም። ማሳ መሐል ገብቶ ቅጠል መገልበጥ ለምን እንደሚበጅ ያውቃል። ከዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው የሚያየው የመጨረሻውን ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ግን ስንዴውን ሳይሆን ስንዴውን የሚያርሰውን ሰው ነው። ምግብ ከአፍ ወደ ጨጓራ በሚወርድበት ቧንቧ ላይ የሚነሣ ካንሰር፥ አባቶች ነቀርሳ ይሉት የነበረው በሽታ፥ አለ። እርሱም እንደ ዋግ ከውስጥ ተደብቆ ይጀምራል፤ ባለቤቱ መኖሩን ሲያውቅ ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ተመራማሪዎች በሽታው ገና ስሜት ሳይሰጥ የሚገኝበትን ዘዴ ሲፈልጉ ብዙ ዓመታት አሳልፈዋል፤ ጥረታቸውም በከፊል ፍሬ እያፈራ ነው። የገበሬ ማኅበር መሪዎች፥ ዛሬ በሕግ ቀበሌ አስተዳደር ቢባልም ሕዝቡ በቀድሞ ስሙ የሚጠራውን ጽሕፈት ቤት የምትመሩ ሁሉ፥ ይህን ምርምር ልታውቁት የሚገባው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። አዲሱ ምርመራ ከመንደራችሁ እስኪደርስ ድረስ በሽተኛው በከንቱ የሚያሳልፋቸውን ወራት ለማሳጠር ከእናንተ የቀረበ ሰው ስለሌለ ነው።

ይህ ጸሐፊ ሐኪም አይደለም። በግብርና ዲፕሎማ የያዘ፥ ስለ ዘር አመራረጥና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም የሚጽፍ ሠራተኛ ነው። ወደዚህ ጉዳይ የገባው በአንድ የማሳ ጉብኝት ቀን ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ መንደር ጉብኝቱ አልቆ ምሳ ሲቀርብ፥ ማሳቸውን ያስጎበኙን ሽማግሌ እንግዳውን ብሉ ብሉ ከማለት በቀር እርሳቸው እጃቸውን ወደ መሶቡ አልሰደዱም።

«አያ፥ ምነው አይበሉም?» አልናቸው።

«እናንተ ብሉ ልጆቼ። እኔ እንጀራው እዚህ ላይ ይቆምብኛል» አሉና በጣታቸው የደረታቸውን አጥንት ነኩ። «በውሃ ነው የማወርደው። ቆሎማ ከተውኩት ሰነበትኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰኔ ወዲህ፤ ዘር ላይ ሳለን ጀመረኝ።»

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው «ጨጓራ ነው ተብሎ ኪኒኑን ሦስት ጊዜ ገዝተንለታል» አሉ። ይህ ጸሐፊም እንደ ዐዋቂ «ጨጓራ ይሆናል፥ በርበሬውን ይቀንሱ» ብሎ መክሮ፥ ስለ ስንዴው ምርት ማስታወሻውን ይዞ ተነሣ። በመሶቡ ዙሪያ ከነበርነው መካከል የተሻለ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ደሴ ደርሰው ቧንቧቸው በመሣሪያ የታየው በጥር ወር ነው። ያን ጊዜ ምራቃቸውን እንኳ ለመዋጥ ይቸገሩ ስለ ነበር እበጡን ቆርጦ ለማውጣት አልተቻለም። ከፋሲካ በፊት ዐረፉ። ቅሬው ተሰበሰበ፥ ድንኳን ተተከለ፥ ንፍሮ ተቀቀለ። ከሰኔ እስከ ጥር ባሉት ወራት ግን ስለ እርሳቸው የተሰበሰበ ሰው አልነበረም።

ነገሩ በአንድ ሰው ወይም በአንድ መንደር የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 511,000 ያህል ሰዎች በዚህ ካንሰር መያዛቸው ሲገመት፥ በዚያው ዓመት በእርሱ የሞቱት 445,000 ያህል ናቸው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ መቀራረባቸው ከተያዘው የሚተርፈው ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ያሳያል። በሽታው በዓለም ላይ እኩል አልተሰራጨም። ከሚበረታባቸው ሥፍራዎች አንዱ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፥ በታንዛኒያና በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ነው። በሌላው ዓለም የሽማግሌዎች በሽታ ሲሆን በዚህ መስመር ላይ ግን ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች ሳይቀሩ ይያዙበታል።

በአገራችን የአርሲና የባሌ ደጋ በዚህ በሽታ ስሙ የተነሣ ነው። ከዚያ የሚመጡ ሕሙማን ብዛት የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞችን ዓይን የሳበው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። የአርሲና የባሌ ገበሬ ገብስና ስንዴ የሚያመርት፥ ገንፎ የሚወድ፥ ቤቱ ውስጥ እንጨትና ኩበት የሚያነድ ደገኛ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ከቦረናና ከሳይንት ደገኛ በኑሮው በምን ይለያል? አንባቢ የአርሲን ነገር እንደ ሩቅ አገር ወሬ እንዳያልፈው የምናሳስበው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ምርምሩ ከመግባታችን በፊት በሽታው ለምን እንደሚደበቅ ማስረዳት ያሻል። የምግብ ቧንቧ በባሕርይው የሚለጠጥ ነው። እበጥ ከግድግዳው ላይ ሲነሣ ቧንቧው እየሰፋ መንገድ ይለቅለታል፤ ምግብም ማለፉን አያቋርጥም። የመተናነቅ ስሜት የሚመጣው መንገዱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከተያዘ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቆሎ፥ ሥጋና ደረቅ እንጀራ እንቢ ይላሉ። ከዚያ ፍትፍቱ፥ ቀጥሎ ገንፎው፥ በመጨረሻ አጥሚቱና ውሃው ይከተላሉ። ሰውየው ግን ከእያንዳንዱ ደረጃ ጋር ራሱን እያለማመደ ይሄዳል። ቆሎ ይተዋል፥ እንጀራ ያርሳል፥ ቀጥሎ አጥሚት ያስቀቅላል። ቤተሰቡም አጥሚቱን እያጣፈጠ ይረዳዋል። ከፍቅር የተነሣ የሚደረገው ይህ መላ በሽታውን ይሸፍንለታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምልክት ራሱ ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ እውነተኛው መፍትሔ ከምልክቱ በፊት መድረስ ነው። ተመራማሪዎች የሚደክሙትም ለዚሁ ነው። ካንሰሩ በአንድ ሌሊት አይበቅልም። የቧንቧውን ውስጠኛ ገጽ የሸፈኑት ሕዋሳት መጀመሪያ መልካቸውና አደራደራቸው ይዛባል፤ በዚያ ሁኔታ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ከተዛቡት ውስጥ ብዙዎቹ ወደ ካንሰር ሳይለወጡ ይቀራሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ይለወጣሉ። ጊዜው የሚገኘው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ነው። በዚህ ደረጃ የተገኘ በሽታ ደረት ሳይከፈት፥ በአፍ በሚገባ መሣሪያ ተልጦ ሊወጣ ይችላል።

በዚህ ሥራ ቀዳሚ የሆኑት ሊንሺያን የሚባለው የቻይና ወረዳ ገበሬዎችና ሐኪሞቻቸው ናቸው። ሊንሺያን በሄናን ክፍለ ሀገር የሚገኝ ተራራማና ውሃ የራቀው አገር ነበር። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የታይሃንግን ተራራ በመዶሻና በፈንጂ ፈልፍሎ የቀይ ባንዲራ ቦይ የተባለውን የመስኖ ቦይ በማውጣቱ በዓለም ታውቋል። ነገር ግን በዚያ ወረዳ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከዓለም ሁሉ በርትቶ ቤት ለቤት ይገድል ነበር። የሚገርመው በዚያው አካባቢ ዶሮዎችም በጉሮሯቸው ላይ ተመሳሳይ ካንሰር ይወጣባቸው እንደ ነበር መታየቱ ነው። ዶሮ የባለቤቷን ትራፊ ለቃሚ ናት፤ በመሆኑም ተመራማሪዎች የበሽታውን መነሻ በምግቡ፥ በውሃውና በአካባቢው እንዲፈልጉ ይህ አንድ ፍንጭ ሆኗቸዋል። የእንስሳት ጤና ባልደረቦቻችን ይህን ቢያስቡበት አይከፋም።

ሼን ቺዮንግ የተባሉት ቻይናዊ ሐኪም በዚያው ዘመን አካባቢ አንድ ቀላል መሣሪያ ሠሩ። ጫፉ ላይ በመረብ የተሸፈነ ትንሽ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። በሽተኛው ይውጠዋል፥ ፊኛው ውስጥ ሲደርስ ይነፋል፥ ከዚያም ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ሲሳብ መረቡ የቧንቧውን ግድግዳ ፋቅ አድርጎ ሕዋሳት ይዞ ይወጣል። ሕዋሳቱ በመስተዋት ላይ ተቀብተው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። በዚህ ዘዴ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ገበሬ በየመንደሩ ተመርምሯል። መሣሪያው ምቹ አልነበረም፤ የሚያመልጠውም በሽታ ብዙ ነበር። ቢሆንም በሽታው ሕሙማኑ ሆስፒታል ከመድረሳቸው በፊት በመንደር ውስጥ ሊፈለግ እንደሚችል አሳየ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ኢንዶስኮፒ ነው። ይህም ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ሲሆን በአፍ ገብቶ ቧንቧውን ለሐኪሙ ዓይን ያሳያል። ሆኖም የተዛቡት ሕዋሳት በዓይን ብቻ ሲታዩ ከጤነኞቹ አይለዩም። ስለዚህ ሐኪሙ ሉጎል የሚባለውን የአዮዲን ውሁድ ይረጭበታል። ጤነኛ ሕዋስ በውስጡ የስኳር ስንቅ ስላለው አዮዲኑን ይዞ ቡናማ ይሆናል፤ የተዛባው ስንቁን ጨርሶ ስለሚገኝ ቀለሙን አይቀበልምና ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በሲሺያን፥ እርሱም የቻይና ወረዳ ነው፥ በዚህ ዘዴ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ ተመርምረው ለአሥር ዓመት ያህል ክትትል ተደረገ። በምርመራው ክልል በነበሩት ዘንድ በዚህ ካንሰር የሞተው ከመቶ ከሦስት ትንሽ የሚበልጥ ሲሆን፥ ምርመራው ባልተደረገባቸው መንደሮች ግን ከመቶ አምስት ነበር። አንድ ምርመራ ሞትን በሦስተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም በዚህ ረገድ የሠራችው አለ። በቦሜት የሚገኘው የቴንዌክ ሆስፒታል ሐኪሞች ምንም የመተናነቅ ስሜት የሌላቸውን ከ300 በላይ ሰዎች በአዮዲን መርምረው፥ ከመቶው አሥራ አራቱ ያህል በልዩ ልዩ ደረጃ የተዛባ ሕዋስ እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቀዋል። አብዛኛው ቀላል ደረጃ ላይ የነበረ ነው። ያም ሆኖ ጤነኛ ነኝ ብሎ ከሚያርሰው ሕዝብ መካከል የተገኘ ቁጥር በመሆኑ የሚናቅ አይደለም።

የኢንዶስኮፒ ችግሩ ውድነቱ ነው። መሣሪያውም፥ የሚይዘው ሐኪምም፥ የሚታጠብበት ንጹሕ ውሃም ያስፈልጋል። ለደጋው ገበሬ ሁሉ በየጊዜው ይደረግ ቢባል የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ማን ኢንዶስኮፒ ሊደረግለት እንደሚገባ ቀድሞ የሚለይ ቀላል ነገር ይፈልጋሉ። ባዮማርከር የሚባለው እዚህ ላይ ይመጣል። ባዮማርከር ማለት በሰውነት ውስጥ የሚገኝ፥ ሊለካ የሚችልና የበሽታን መኖር የሚጠቁም ምልክት ነው። ለምሳሌ በሕዋስ ውስጥ ፒ53 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራው የተጎዳ ሕዋስ እንዳይራባ ማገድ ነው፤ ልክ የታመመ ዘር እንዳይዘራ እንደሚያግድ ተቆጣጣሪ ማለት ነው። በምግብ ቧንቧ ካንሰር ይህ ተቆጣጣሪ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የተበላሸ ሆኖ ይገኛል። በላቦራቶሪ ልዩ ቀለም ሲቀባ መበላሸቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ሕዋሱን ለማግኘት ደግሞ የሼን ቺዮንግ ፊኛ በአዲስ መልክ ተመልሷል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሬቤካ ፊትዝጀራልድና ባልደረቦቻቸው ያበለጸጉት መሣሪያ ክር የታሰረበት ኪኒን ነው። ሰውየው ኪኒኑን በውሃ ይውጣል። ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ሲሟሟ በውስጡ ታጭቆ የነበረው ስፖንጅ ይነፋል። ነርሷ ክሩን ስትስበው ስፖንጁ የቧንቧውን ሕዋሳት ጠርጎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ከ13,000 በላይ የሚሆኑ ቃር ያስቸገራቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለው ነበር። ስፖንጁ ከቀረበላቸው ወገን ባሬት የተባለው ቅድመ ካንሰር ሁኔታ 140 ሰዎች ላይ ሲገኝ፥ እንደ ወትሮው ከታከሙት ወገን የተገኘው 13 ላይ ብቻ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ይህ ካንሰር ሁለት ዓይነት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የበዛው ከጨጓራ በሚመለስ አሲድና በውፍረት ሳቢያ በቧንቧው ታችኛ ጫፍ የሚነሣው ሲሆን፥ በእኛ፥ በቻይናና በኢራን የበዛው ግን የቧንቧውን ገጽ ከሸፈኑት ሕዋሳት የሚነሣው ሌላኛው ነው። የእንግሊዙ ጥናት ስለ መጀመሪያው ነው። ለእንግሊዝ አፈር የተመረጠ ዘር ሳይሞከር ቦረና ላይ እንደማይዘራ ሁሉ ይህም መሣሪያ በእኛው ዓይነት በሽታ ላይ መሞከር አለበት። በኢራን የጎለስታን አውራጃ ተሞክሮ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ታይቷል፤ በቻይናም ሕዋሳቱን በኮምፒዩተር እያስለዩ በብዙ ሺህ ሰው ላይ ፈትነውታል።

ሌሎች ተመራማሪዎች ምልክቱን በደም ውስጥ ይፈልጋሉ። እበጡ የሚያፈሰውን የዘር ቅንጣት ወይም ሰውነት የተበላሸውን ፒ53 ለመቃወም የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ለመያዝ ይሞክራሉ። ጠብታ ደም ሰጥቶ መገላገል ለገበሬው ከሁሉ የቀለለ ነበር። ሆኖም እነዚህ ምርመራዎች ትልቁን እበጥ ከትንሹ ይልቅ ይይዛሉ፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ትንሹን ነው። በመሆኑም የደም ምርመራ ብቻውን ይህን ካንሰር በጊዜ ለማግኘት በመደበኛው ሕክምና ሥራ ላይ አልዋለም። «በደምህ ካንሰር እለይልሃለሁ» የሚል ነጋዴ ወደ ገበያችሁ ቢመጣ መሪዎች ልትጠይቁት ይገባል።

ጥሩ የሚባል ምርመራ እንኳ ያለ ዕቅድ ቢሠራበት ጉዳት አለው። አንድ ምርመራ ከመቶ ጤነኛ አሥሩን በስሕተት «አለብህ» ይላል እንበል። ከ1,000 ሰው አምስቱ ብቻ በሽታው ካለባቸው፥ ከቀሩት ጤነኞች መካከል አንድ መቶ የሚሆኑት በከንቱ ደንግጠው፥ በሬ ሸጠው ደሴ ይወርዳሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሲዘገዩ ማየት ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም።

በአገራችንም ጅምር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2013 በአዲስ አበባ በተደረገ የሙከራ ጥናት 73 ሕሙማን በሽታው ከሌለባቸው 133 ሰዎች ጋር ተነጻጽረው ጫት የአደጋ ምልክት አሳይቷል። የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለ ሆነ ብይን የሚሰጥበት አይደለም። ሌሎች የአገር ውስጥ ጥናቶችም ትኩስ ገንፎን ከተጠርጣሪዎቹ መካከል አንሥተዋል። ትንባሆና አልኮል መጠጥ፥ አረቄን ጨምሮ፥ በዓለም ደረጃ የተመሰከረባቸው ናቸው።

ስለ ትኩስ ነገር አንድ ቃል እንጨምር። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰርን ሳያስከትል እንደማይቀር ወስኗል። በጎለስታን የተደረገ ጥናትም ሻያቸውን ከ65 እስከ 69 ዲግሪ ሆኖ የሚጠጡት ከዚያ በታች ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ አደጋቸው እጥፍ፥ ከ70 በላይ የሚጠጡት ደግሞ ስምንት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በእኛ ደጋ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ያም ቢሆን ከተባለው ልክ እጅግ የበለጠ ነው። ጥፋቱ በቡናው ላይ አይደለም፤ በግለቱ ነው። አቦሉን ከስኒው ላይ ጥቂት ማቆየት ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ሆኖ ሳለ፥ ስኒው ሳይጤስ ከቀረበ እንደ ንቀት የሚቆጥር እንግዳ አለና ይህ ልማድ በቀላሉ እንደማይለቅ ይገባናል። የጓዳ ጭስም በተመራማሪዎች ዘንድ የሚጠረጠር ነውና የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የማስፋፋቱ ሥራ ለማገዶ ቁጠባ ብቻ የሚታይ መሆኑ ቢቀር ይሻላል።

አሁን ወደ መሪዎቹ ድርሻ እንመለስ። ስፖንጁ መካነ ሰላም እስኪደርስ የምንቀመጥ ከሆነ የሚቀጥለውም ሽማግሌ እንደ መጀመሪያው ይሄዳል። መተናነቁ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው ብለናል፤ ቢሆንም በመጀመሪያው ወር ደርሶ በመታየትና በስምንተኛው ወር በመታየት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ቀድሞ የደረሰው ገና ምግብ እየወሰደ፥ ቀዶ ሕክምናን የሚችል አካል ይዞ ይደርሳል። አጥንቱ የወጣ ሰው ግን እበጡ ባይሰፋ እንኳ ቢላዋውን አይችልም። ዘግይቶ ለመጣው ቧንቧውን የሚከፍት ማስፋፊያ ቱቦ ማስገባት አለ፤ ይህም ምግብ እንዲወርድለት ያደርጋል እንጂ አያድነውም። የጨረር ሕክምናም ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ብቻ የተወሰነ ሆኖ ሕመምተኛው ወረፋ ሲጠብቅ በሽታው ሲቀድመው ኖሯል።

ታዲያ ወራቱ የሚባክኑት የት ነው? አንደኛው ቤት ውስጥ፥ አጥሚቱ ሲቀቀል ነው። ሁለተኛው «ጨጓራ ነው» በሚለው ቃል ነው። ጨጓራ የሚያቃጥል ብዙ ሰው አለ፤ ጨጓራ ግን እንጀራን ደረት ላይ አያቆምም። ምግብ ሲዋጥ መቆሙ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፥ በተለይም ሰውየው እየከሳ ከሄደ፥ ኪኒን እየለዋወጡ መቆየት አይገባም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም መፍሰስና መመረዝ ጨምሮበት ያርፋል። ጠበል የሚሄደው ይሂድ፥ ዱዓ የሚያስደርገውም ያስደርግ፤ ሐኪሙን ግን ከእነርሱ በኋላ ሳይሆን ከእነርሱ ጋር ያድርገው። ይህን የሃይማኖት አባቶችና ሼሆች ራሳቸው ቢናገሩት ከእኛ ቃል ይልቅ ይሰማል።

ሦስተኛው ወራት የሚባክኑበት መንገድ ላይ ነው። ከመካነ ሰላም ደሴ ከመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለሕመምተኛውና ለአስታማሚው መሳፈሪያ፥ ማደሪያና ስንቅ ያስፈልጋል። የጤና መድን ይህን በሙሉ ባይሸፍንም ሕክምናውን ያግዛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከእነርሱ አንዱ የእኛው የደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ለወሎ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን መድኑ ደረጃውን የጠበቀ የሪፈር ወረቀት ይፈልጋል። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ነው። ጉዞውን ዘልሎ የሄደ ሰው ሽፋኑ ይጓደልበታል። መዋጮው በወቅቱ ያልታደሰለትም እንዲሁ። መሪዎች የመዋጮውን መዝገብ በመከር ጊዜ፥ ገበሬው እጁ ላይ እህል ባለበት ወቅት ብታጠሩት በኋላ በሕመም ቀን ከመሯሯጥ ያድናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም «መዋጥ የከለከለው» የሚለውን ቃል በሪፈሩ ላይ በግልጽ እንድትጽፍ ማሳሰብ ተገቢ ነው። «የሆድ ሕመም» ተብሎ የተላከ ሰው የሆድ ሕመም ወረፋ ይዞ ይቀመጣል።

ስለ ቅሬም እንናገር፤ ነገሩ የሚያስቆጣቸው ሽማግሌዎች እንዳሉ እናውቃለን። በወሎ ቅሬ ትልቅ ሀብት ነው። ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ድንኳኑ፥ ምጣዱና ገንዘቡ ይገኛል። አንድ የቀብር ወጪ አንድን ሰው ከነአስታማሚው ደሴ አድርሶ ይመልሳል። እንግዲህ የቅሬ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ ተጨምሮ፥ ሐኪም ሪፈር የጻፈለት አባል ለመንገድ የሚሆን ብድር ወይም ድጎማ እንዲያገኝ ቢደረግ ምን ይከፋል? «የሙት ገንዘብ ነው፥ ለሕያው አይነካም» የሚሉ አሉ። ለዚህ መልሱ የቅሬው አባላት እጅ ነው፤ እኛ ግን ገንዘቡን ያዋጣው ሕያው ሰው እንደ ነበር እናስታውሳለን።

የቀረው ቁጥሩ ነው። በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሟል፤ የሚመዘግበው ግን የከተማይቱን ነዋሪ ነው። ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ከሳይንት ወይም ከወግዲ የሞተ ገበሬ በዚያ መዝገብ አይገኝም። ባልተቆጠረበት ቦታ ደግሞ መሣሪያም ተመራማሪም አይላክም፤ አርሲ ተመራማሪ ያገኘችው ሕሙማኗ ተሰባስበው ስለታዩ ነው። የልደትና የሞት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአገሪቱ በመንግሥት ደረጃ ተጀምሯል፤ የሚከናወነውም በእናንተው ቀበሌ ነው። ተመራማሪዎች ሆስፒታል ያልደረሰን ሟች ምክንያት የሚያውቁበት የታወቀ ዘዴ አላቸው። ቤተሰቡን «ከመሞቱ በፊት ምን ምን ይለው ነበር?» ብለው በመጠየቅ ነው። ሟቹ መዋጥ ተስኖት ለምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየ በማስታወሻ የሚይዝ ቀበሌ ቢኖር፥ ነገ ከመቅደላ አምባ ወይም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተመራማሪ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመለስም። ያ ተመራማሪ ከመጣ ደግሞ ፈቃድ ሳይጠይቅ፥ ውጤቱን መልሶ እንደሚነግር ሳይናገር ደም ወይም ሕዋስ እንዲወስድ አትፍቀዱለት፤ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ ስለ ማዳበሪያ ዕዳና ስለ ተፋሰስ ሥራ ከመነጋገራችሁ በፊት ለየጎጡ ተጠሪ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፤ በጎጥህ እንጀራ በውሃ የሚያወርድ ሰው አለ? «አለ» ካለ፥ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ጠይቁና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያው ሳምንት ቤቱ እንድትደርስ አድርጉ።